የበሩ ሳፋ

ሮሴንዳ ያንን አረንጓዴ ሳፋ በሯ ላይ ያስቀመጠችው ወንድሟን ለማዋረድ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። በመንደራችን ምላሱ አላርፍ ያለው ሁሉ «ለሙዝ ብላ የእናቷን ልጅ መድኃኒት ውስጥ ነከረችው» ሲል ከርሟል። ውሸታም ሁላ! ሮሴንዳ ለዱሎ ነፍሷን ብትጠየቅ ትሰጥ ነበር፤ ያየ አይቶታል።

እርሻው ድሮ አንድ ነበር። እናታቸው ከዳቫዎ ከተማ ሽቅብ በሚወጣው መንገድ ዳር ያንን ተዳፋት በገጀራ መንጥራ ሦስት እግር ሙዝ ተከለች። ከሦስቱ ግርጌ የበቀሉትን ልጆች እየነቀለች፣ የልጆቹንም ልጆች እየነቀለች ስትተክል ተዳፋቱ ሞላ። ልትሞት ስትል ጅረቱን ድንበር አድርጋ የላዩን ለሮሴንዳ፣ የታቹን ለታላቋ ለዱሎ ሰጠች። ድንበር የተባለው ለወጉ ነው እንጂ ማን ይለየዋል! ሐሙስ ሐሙስ ዱሎና ሚስቱ ቲካ ገጀራቸውን ይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሮሴንዳ ወደ ታች ትወርዳለች። ያ ወንፈል ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ሳምንት አልተጓደለም። የሮሴንዳ ባል የሞተ ጊዜ እንኳ ዱሎ በቀብሩ ማግስት፣ ሐሙስ ነበር፣ መጥቶ የደረቀ ቅጠል ሲቆርጥላት ዋለ። ከዚያ ወዲህ ሮሴንዳ ያላት ሰው ዱሎና ቲካ፣ ደግሞም ከተማ ውስጥ ነርስነት የምትማረው ልጇ ጆሴቢል ብቻ ነበሩ። የጆሴቢል ትምህርትም፣ የቤት ኪራይም፣ ምሳም የሚወጣው ከዚያው ሙዝ ነው።

በሽታው የገባው ከታች ነው። የገና በዓል ባለፈ በሳምንቱ ዱሎ ማሳ ውስጥ የአንድ እግር ሙዝ የታችኞቹ ቅጠሎች ከጠርዛቸው ቢጫ ሆኑ። ከዚያ አንገታቸው ተሰብሮ ግንዱን እንደ ጉርድ ቀሚስ ከበው ተንጠለጠሉ። ዱሎ «ውሃ ጠምቶት ነው» ብሎ ውሃ አጠጣ። «ማዳበሪያ አንሶት ነው» ብሎ ማዳበሪያ ጨመረ። ዘለላው ሳይሞላ ግንዱ ከግርጌው ተሰነጠቀና አጠገቡ ያሉት ሦስቱም ቢጫ መሆን ጀመሩ። ይሄኔ ነው ከወረዳው የግብርና ባለሙያው ሬናንቴ የተጠራው።

ሬናንቴ ግንዱን በገጀራ አግድም ቆረጠና ለወንድምና እህት አሳያቸው።

«ነጭ መሆን ነበረበት» አለ። «ይኸው ዝገት የመሰለው። ውሃ የሚወጣበትን መንገድ ሁሉ ደፍኖታል።»

«እሺ መድኃኒቱስ?» አለ ዱሎ።

«የለውም።»

«አንተ ልጅ፣ ዲግሪህን በምን አገኘኸው? ለምን በሽታ ነው መድኃኒት የሌለው!»

«ማኖይ ዱሎ፣» አለ ሬናንቴ፤ ታላቅ ወንድምን እንዲህ ነው የምንጠራው፤ «አጠውልግ የሚባለው ይህ በሽታ ያለው አፈሩ ውስጥ ነው። እርስዎም እኔም ሞተን እሱ አፈሩ ውስጥ ይኖራል። ያለው ነገር መከላከል ብቻ ነው። የታመመውን እዚያው ባለበት መግደል፣ በሩዝ ገለባ ማቃጠል፣ ዙሪያውን ማጠር። ከዚህ ችግኝ አይወጣም። ገጀራ አይወጣም። ጫማም ቢሆን ሳይታጠብ አይወጣም።»

ዱሎ ሳቀ። ምን ያድርግ፣ ሲጨንቀው ይስቃል። ሬናንቴ ግን ሮሴንዳን ለብቻዋ ጠርቶ እንዲህ አላት፦ «እርስዎ እድለኛ ነዎት። ውሃው ከእርስዎ ወደ እሱ ነው የሚወርደው። ስለዚህ በሽታው ወደ እርስዎ ከመጣ በእግር ነው የሚመጣው። ጫማ ሥር የምትቀር ትንሽ ጭቃ ትበቃዋለች።» የጫማ ማጠቢያ መድኃኒት ሰጣትና ሳፋ ውስጥ አበጣበጡን ደጋግሞ አሳያት። በማግስቱ ሳፋው በሩ ላይ ተቀመጠ።

መጀመሪያ ሰሞን ሳፋው መሳቂያ ነበር። ዱሎ ሐሙስ ሲመጣ እጆቹን ዘርግቶ ይቆምና «ጸሎተ ሐሙስ በየሳምንቱ ሆነ እንዴ? እስቲ እግሬን እጠቡኝ!» ይላል። ከዚያ እግሩን ሲያገባ «ኧረ ቀዝቃዛ ነው! ሴንዳ፣ ለሰው እንኳ ሞቅ አድርጊው እንጂ!» ብሎ ይጮኻል። ቲካ በሳቅ ትፈርሳለች። ሮሴንዳም ትስቃለች፤ ዓይኗ ግን ከእግሩ ጥፍር አይነሳም ነበር። በሁለተኛው ወር ዱሎ ማሳ ውስጥ የታመሙት አርባ ሲደርሱ ሬናንቴ ወንፈሉ እንዲቆም መከራት። ሐሙስም ቅዳሜም ቀሩ።

ነገሩ የተበላሸው በቅዱስ ኢሲድሮ በዓል ነው። ቅዱስ ኢሲድሮ የገበሬ ጠባቂ ነው፤ የእሱ ቀን ቤቱን በሙዝና በበቆሎ ያላስጌጠ፣ በሩንም ያልከፈተ ሰው እንደ ሰው አይቆጠርም። ሮሴንዳ ጠረጴዛዋን ሞልታ፣ የኮኮናት ሩዟን ከምራ ትጠብቃለች። ዱሎ ሁለት አበልጆቹን አስከትሎ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ከከተማ የገዛውን አዲስ የቆዳ ጫማ አድርጎ ከቤተ ክርስቲያን መጣ። ያንን ጫማ ለማሳየት ሲል በጠራራ ፀሐይ መንገዱን በእግሩ እንደመጣ ያስታውቅበታል።

«ማኖይ፣ እንኳን አደረሰህ» አለችው። ከዚያ ሳፋውን አየች።

«ዛሬም?» አለ ዱሎ። «አዲስ ጫማ እኮ ነው። ከጸሎት ነው የመጣሁት።»

«ወደ ጸሎት የሄድከው ከቤትህ ነው። በግቢህ አልፈህ ነው የወጣኸው።»

«የቆዳ ጫማ ነው፣ ሴንዳ!»

«አውልቀህ በእጅህ ያዘው፤ እግርህን ብቻ…»

አንደኛው አበልጁ፣ ከሮሴንዳ በላይ በኩል ያለው ባለእርሻ፣ ዝም ቢል ምን ነበረበት! «አበልጄ፣ እከክ ይዞሃል እንዴ? ካልታጠበ አይገባም ትልሃለች እኮ!» ብሎ ሳቀ። ከውስጥ የነበሩት እንግዶችም ሳቁ። የዱሎ ፊት ደም መሰለ። ጫማውን አላወለቀም። ያመጣውን የተጠቀለለ ጥብስ አጥሩ ላይ አስቀመጠና ድምፁን ሳያነሳ እንዲህ አለ፦ «ይቺ ሳፋ እዚህ በር ላይ እስካለች ድረስ የእኔ እግር ይህንን ግቢ አይረግጥም። እናቴን!»

ሮሴንዳ ሳፋውን ማንሳት ትችል ነበር። ለአንድ ቀን ብቻ። ስንት ሌሊት ይህንን እንዳብሰለሰለች እሷና ትራሷ ያውቃሉ። ግን ጆሴቢል ሦስት ዓመት ይቀራታል፤ ከታች ደግሞ የዱሎ ማሳ በየሳምንቱ እየተበላ ነው። ሳፋው በሩ ላይ ቀረ።

ዱሎም ቃሉን አከበረ። አንድ ዓመት ከአራት ወር! ሮሴንዳ ሩዝና አሳ ሠርታ በቲካ እጅ ትልካለች፤ ሳህኑ ታጥቦ ይመለሳል፣ ቃል ግን አይመለስም። ማታ ማታ ከጅረቱ አፋፍ ቆማ «ማኖይ! በላህ ወይ?» ብላ ትጣራለች። ዱሎ ከተቆረጡት ግንዶች አንዱ ላይ ጀርባውን ሰጥቷት ይቀመጣል። እጁን ከፍ ያደርግና መልሶ ይጥላል። ያችን እጅ ሳታይ ወደ ቤቷ ገብታ አታውቅም። ማሳው ሲያልቅ ካሳቫ ተከለ። የእሷ ሙዝ ግን አንድም ቅጠል ሳይታመም አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ፤ ሬናንቴ ከሌላ መንደር ገበሬዎችን እያመጣ ከአጥሩ ውጪ አቁሞ «እንዲህ ነው የሚጠበቀው» ይላቸው ጀመር። እሷ ስትመሰገን ዓይኗ ወደ ታች፣ ወደ ካሳቫው ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ዱሎ ሣር ሲያጭድ ወደቀ። ሆስፒታል ስትደርስ ግማሽ አካሉ አልሠራም፣ ምላሱም ታስሯል። ሮሴንዳ አልጋው ላይ ተደፍታ በጆሮው ነገረችው፦ «ማኖይ፣ ሳፋውን አነሳዋለሁ። ዛሬውኑ አነሳዋለሁ። ተነሣና ና፣ እንደፈለግህ ግባ።» ዱሎ ዓይኑን አፈጠጠ። የሚሠራውን ግራ እጁን አንስቶ አወዛወዘ፤ አይሆንም፣ አይሆንም እንደሚል ሰው። ደጋግሞ አወዛወዘ። ሮሴንዳ ይቅር አልልሽም ማለቱ ነው ብላ ወሰደችው። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

እንደ ወጋችን ሬሳው እቤቱ ሰባት ቀን ሲጠበቅ ሮሴንዳ ከአጠገቡ አልተለየችም ማለት ይቻላል። ያኔ እንኳ ጥንቃቄዋን አልረሳችም፤ አንድ ነጠላ ጫማ እዚያው ቲካ በር ላይ ትታ፣ ስትመጣ ያንን፣ ስትሄድ የራሷን ታደርግ ነበር። በቀብሩ ዕለት ግን ዝናቡ ወረደ። ሬሳው ከቤት ሲወጣ ግቢው ጭቃ ሆኖ የነጠላ ጫማዋ ማሰሪያ ተበጠሰ፤ የራሷንም ጫማ በሕዝቡ ግርግር አንዱ ወስዶት ኖሮ አጣችው። ባዶ እግሯን ልትከተል ስትል ቲካ እያለቀሰች የዱሎን ቦቲ አምጥታ ከፊቷ አስቀመጠች።

«የእሱን አድርጊ» አለቻት። «ከእንግዲህ ምን ይሠራለታል።»

ቦቲው ሰፍቷት ነበር። መቃብሩ ድረስ እየጎተተችው ሄደች።

እኛ ጋ ከለቅሶ ወጥቶ በቀጥታ ቤቱ የሚገባ ሰው የለም። ሱቅም ይሁን ጎረቤት፣ አንድ ቦታ አረፍ ተብሎ፣ አንድ ነገር ተቀምሶ፣ ልብስ ተራግፎ ነው የሚኬደው። አለዚያ የሟች ነፍስ ተከትሎ ቤት ይገባል። ከዱሎ ቀብር የተመለሰው ሁሉ መንገድ ዳር ያለው ሱቅ ገብቶ ብስኩትና ለስላሳ ይዞ ተቀመጠ። ጆሴቢልም እዚያ ነበረች። «እማዬ፣ ነይ አራግፊ እንጂ» ብላ ተጣራች።

ሮሴንዳ አልቆመችም። ለምን ታራግፈዋለች? አንድ ዓመት ከአራት ወር በሯ ላይ የመለሰችውን ሰው፣ ዛሬ ደግሞ ከትከሻዋ ላይ ልታራግፈው? ይከተላት እንጂ! እንኳን ተከተላት! በዝናቡ ውስጥ ቁልቁል ሳታይ፣ አንዴም ዘወር ሳትል በሯ ላይ ደረሰች።

ሳፋው የዝናብ ውሃ ሞልቶ ይጠብቃታል። ቆመች። ምን እያደረገች እንደሆነ አላወቀችም ማለት ሐሰት ነው፤ አውቃለች። እግሯ ላይ ያለው የማን ቦቲ እንደሆነ፣ ሥሩ ላይ የተለጠፈውም የማን ጭቃ እንደሆነ ታውቃለች። ግን እግሩን ሁለተኛ እንዴት ታስነክረዋለች? በሕይወቱ እያለ እንቢ ያለውን ሰው ሞቶ ልታስገድደው? ጎንበስ ብላ ሳፋውን በሁለት እጇ አነሳችና ወዲያ አሽቀንጥራ ደፋችው።

«ግባ፣ ማኖይ» አለች። «ይኸው ሳፋው የለም። ግባ፣ ወንድሜ።»

ገባችም። በሙዞቹ መካከል በመደዳው ይዛው ሄደች። «ይቺን አየሃት? ስትተክላት ጣትህን የቆረጠህ ጊዜ ነው። ይቺኛዋ ዘንድሮ ሁለት ዘለላ ሰጠች፣ ብታይ ትስቅ ነበር። ይቺ ውሃ በርሜሉ አጠገብ ያለችው የእማዬ የልጅ ልጅ ናት፤ አንተ ነህ ከታች ተሸክመህ ያመጣሃት።» በየደረሰችበት እየቆመች፣ እያለቀሰች፣ ቦቲውን እየጎተተች እስከ ላይኛው አጥር አደረሰችው። ከሞተ ወዲህ ልቧ ትንሽ ያረፈው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጧት ስትነቃ በሩ ሥር የተቀመጠውን ቦቲ አየችና «ወይኔ! ወይኔ ሴንዳ!» ብላ ደረቷን ደቃች። ያላትን መድኃኒት ሁሉ በጥብጣ የሄደችበትን መንገድ አርከፈከፈችው፣ ቦቲውን በብሩሽ ፈተገች፣ ሳፋውን መልሳ አስቀመጠች። ዝናቡ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ጭቃውን ወደ ሥሩ አስገብቶ ጨርሶ ነበር። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ስምንት ወር ሙሉ ጎህ ሲቀድ ተነሥታ፣ ፊቷን ሳትታጠብ፣ የታችኛውን ቅጠል ጠርዝ ስታይ ኖረች።

በዘጠነኛው ወር በርሜሉ አጠገብ ያለችው ቢጫ ሆነች።

ሬናንቴ መጥቶ ግንዱን ቆረጠ። ማሳየት እንኳ አላስፈለገውም። በማግስቱ ሌላ፣ በሳምንቱ ሌላ። አሥራ አንዱም የታመሙት በአንድ መስመር ነበር፤ ከበሩ ተነሥቶ፣ በርሜሉ ጋ ዞር ብሎ፣ እስከ ላይኛው አጥር። ሬናንቴ መስመሩን በዓይኑ ተከትሎ ራሱን ነቀነቀ።

«እማማ ሮሴንዳ፣ ይሄ ከየት ገባ? በዚህ በር ላይ እኮ ዝንብም ሳይታጠብ አያልፍም!»

«እኔ ነኝ» አለችው። «ወንድሜን አስገብቼው ነው።» ከዚያም ሁሉንም ነገረችው። ሬናንቴ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ጠረገና ቀይ የማጠሪያ ገመድ ከቦርሳው አወጣ። ማጠር ሥራው ነው፤ አጠረ። ጆሴቢል በስልክ ስትሰማ «ትምህርቱን አንድ ዓመት ላቋርጥና ልሥራ፣ የሱቅ ሥራ አላጣም» አለች። ሮሴንዳ «እሺ ልጄ» አለች።

ሐሙስ ቀን ቲካ ገጀራዋን ይዛ መጣች። ወሬውን ሰምታለች። በሩ ላይ እንደ ልማዷ እግሯን ልትነክር ዞር ዞር ብላ አየች።

«ሳፋው የታለ?»

«ተይው፣ ቲካ። ከእንግዲህ ለምኔ ነው? እንዲሁ ግቢ።» ሮሴንዳ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። «እኔ ነኝ ያመጣሁት። የቀብሩ ቀን በቦቲው አልፌ፣ ሳፋውን ደፍቼ… ኩርፊያው ይብቃው ብዬ። አብሮኝ እንዲገባ ብዬ።»

የቲካ ገጀራ ከእጇ ወደቀ።

«በቦቲው?» አለች። «ኧረ አንቺ! ኧረ እኔ ልሙት! ቦቲውን አቃጥይው ብሎኝ ነበር እኮ!»

«ማን?»

«ዱሎ ነዋ! ከመውደቁ በፊት። 'የሞትኩ ቀን ቦቲዬንም ገጀራዬንም አቃጥይ፣ በሽታው ከጅረቱ እንዳይሻገር' ብሎኛል። እኔ ደግሞ እሳት ሳነድ ቦቲውን ሳየው… እግሩ እውስጡ ያለ መሰለኝ፣ እጄ እምቢ አለኝ። በኋላ አንቺ ባዶ እግርሽን ስትቆሚ… አኩርፎሽ የቀረ መሰለሽ? ኩርፊያው አንድ ሳምንት አልቆየም! ሂድና ታረቅ እያልኩ ስጨቀጭቀው 'ዝም በይ' ይለኛል። 'ሴንዳን አውቃታለሁ፣ ሆዷ ቡቡ ነው። የታረቅን ቀን ሳፋውን ታነሳዋለች። እንደተኮራረፍን እንኑርና ሙዙ ይትረፍ፣ ልጅቷ ትማርበት' ነው የሚለኝ። እንዳልነግርሽ በእናታችሁ አጥንት አስምሎኝ! ማታ ማታ ስትጣሪ ጀርባውን የሚሰጥሽ ለምን መሰለሽ? ሲያለቅስ እንዳታዪው ነው።»

ሮሴንዳ ቀኝ ግራዋን አላየችም። ያየችው ያችን ከሆስፒታሉ አልጋ ላይ የተነሣች ግራ እጅ ነው። አይሆንም፣ አይሆንም። ሳፋውን አታንሺ። እኔን አታስገቢኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ሰውየው ሙዟን ሲጠብቅላት ኖሮ፣ እሷ ሳፋውን በገዛ እጇ ደፋችው። ድምፅ አውጥታ ጮኸች፤ ከላይ ያለው ያ አበልጅ እንኳ ጩኸቷን ሰምቶ አጥሩ ድረስ ሮጠ።

«ምን ሆናችሁ? ልግባ?» አለ ከማዶ።

ሮሴንዳ ቀና አለችና አየችው። የእሱ ሙዝ ከአጥሩ ባሻገር አረንጓዴ ነው፤ ሁለት ሺህ እግር ይሆናል።

«አትግባ!» ብላ ጮኸችበት። «አንድ እግርህ እዚህ እንዳይረግጥ! ሂድ ከዚህ!»

ሰውየው ተቀይሞ ሄደ። ይቀየም።

ሁለቱ ሴቶች የዚያን ቀን ሲቆርጡና ገለባ ሲከምሩ ዋሉ፤ በሃያ ስምንት ዓመቱ ወንፈል ላይ አንድ ሐሙስ ተጨመረ ማለት ነው። በርሜሉ አጠገብ ያለችውን ቲካ ቆረጠች፤ ሮሴንዳ አልቻለችም። አመሻሹ ላይ እሳቱ ሲበርድ ሮሴንዳ ሳፋውን ከአጥሩ ሥር አንሥታ አጠበችው፣ መድኃኒቱን በጠበጠች፣ በሩ ላይ አስቀመጠችው። አሁን ግን ያስቀመጠችው ከውስጥ በኩል ነው፤ ለሚወጣ ሰው።

ቲካ ልትሄድ ስትል ሮሴንዳ ከሳፋው ፊት ተንበረከከች። የቲካን እግር አንሥታ ውሃው ውስጥ አደረገችና በእጇ ጭቃውን ከጥፍሯ ሥር እየፈለቀቀች ታጥባት ጀመር።

«ቀዝቃዛ ነው» አለች ቲካ።

«አዎ» አለች ሮሴንዳ። «እሱም እንዲሁ ይል ነበር። አንድ ቀን እንኳ አላሞቅኩለትም።»